በደንብ የተቀቀለ ሙስል መርዝ ይኖረዋል? የጣናስ ዓሣ?

ጠያቂያችን ባሕር ዳር ውስጥ፣ ሐይቁ ዳር ያለ ሆቴል የወጥ ቤት ኃላፊ ናቸው። ጥያቄያቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ «አንድ አስመጪ ከአዲስ አበባ በረዶ የሆነ ሙስል ሊያቀርብልን ነው፤ ያ ጥቁር ዛጎል ያለው የባሕር ምግብ። አንድ የውጭ አገር እንግዳችን ግን ‹የባሕር መርዝ ምርመራ ወረቀት አለው?› ብለው ጠየቁን። እኛ በደንብ ከተቀቀለ ምንም የለበትም ብለን ነበር። እውነት መቀቀል በቂ ነው? ደግሞስ ከመስቀል በኋላ የጣና ዳርቻ አረንጓዴ ሲሆን የእኛው ዓሣ እንዲህ ያለ ነገር ይይዛል?»

ውድ ጠያቂ፣ እንግዳዎ የጠየቁት መጠየቅ ያለበትን ነው። መቀቀል በቂ አይደለም። መቀቀል ተሕዋስያንን ይገድላል፤ እዚህ የምናወራው ግን ሙቀት ስለማይበግረው ኬሚካል ነው። መጥበስ፣ በእንፋሎት ማብሰል፣ ማጨስ፣ በረዶ ማድረግ፣ ሎሚ መጭመቅ፣ ሚጥሚጣ መነስነስ፣ አንዱም ለደኅንነት በሚበቃ መጠን አይቀንሰውም። መርዙ አይሸትም፣ አይመርም፣ የሥጋውን ቀለም አይለውጥም። ሙስሉም መርዙን ተሸክሞ ጤነኛ ሆኖ ይኖራል። ሲቀቀል ክዳኑ ያልተከፈተውን ጣሉ የሚባለው የወጥ ቤት ደንብም ድስት ሲገባ በሕይወት ነበር ወይስ ሞቶ ነበር የሚለውን ለመገመት ነው እንጂ ስለ መርዙ የሚናገረው የለም።

ለዚህ ከሁሉ የጠነከረው ማስረጃ ያለው ከምርመራው ዘዴ ውስጥ ነው። ሰውን ሽባ የሚያደርገውን መርዝ ለመለካት ከ1930ዎቹ ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሲያገለግል የኖረው የአይጥ ምርመራ ራሱ በመቀቀል ይጀምራል። ባለሙያው ዛጎሎቹን ከፍቶ ያጥባል፣ ሥጋውን ያንጠፈጥፋል፣ ይፈጫል፣ 100 ግራም ይመዝናል፣ 100 ሚሊ ሊትር ቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጨምሮ ለ5 ደቂቃ ያፈላዋል። ከቀዘቀዘ በኋላ ከላይ ከጠራው ፈሳሽ 1 ሚሊ ሊትር ቀድቶ 20 ግራም ገደማ የምትመዝን አይጥ ሆድ ውስጥ ይወጋና ሰዓት ይይዛል። የመርዙ መጠን የሚሰላው አይጧ በስንት ደቂቃ ሞተች በሚለው ነው። አሲድ ውስጥ ተፈልቶ የሚገድል ነገር ድስትዎ ውስጥ ይጠፋል ብሎ ማሰብ አይቻልም። እንዲያውም ይህ ሳክሲቶክሲን የሚባለው መርዝ በውሃ የሚሟሟ በመሆኑ ሲቀቀል ከፊሉ ከሥጋው ወጥቶ መረቁ ውስጥ ይገባል። የሙስል መረቅ ደግሞ ወጥ ቤት ውስጥ አይደፋም፤ ለሩዝና ለሾርባ ይውላል።

መርዙን ሙስሉ አይሠራውም። የሚሠሩት በዓይን የማይታዩ የባሕር አልጌዎች ናቸው። ሙስልም ሆነ እንደ እሱ ዛጎል ያላቸው ኦይስተር፣ ክላምና ስካሎፕ የሚመገቡት ውሃ በማጣራት ነው፤ አንድ ሙስል በሰዓት ሊትሮች ውሃ በአካሉ ያሳልፋል፣ በውስጡ ያለውን አልጌ ያስቀራል፣ መርዙንም አብሮ ያጠራቅማል። ውሃው ቀይ መሆን አለበት የሚለውም ሰውን ሲያዘናጋ የኖረ ነገር ነው። ዳይኖፊሲስ የሚባለው አልጌ በአንድ ሊትር ውስጥ ጥቂት መቶ ሴሎች ብቻ ሆኖ፣ ባሕሩ ጥርት ብሎ እያለ፣ ሙስሉን ለመብል የማይሆን ያደርገዋል።

መርዞቹ ብዙ ናቸው። ዋና ዋናዎቹን ለይቶ ማወቁ ወረቀት ሲያነቡ ይረዳዎታል። ሳክሲቶክሲን ነርቭን ያደነዝዛል፤ ከፍ ሲል የመተንፈሻ ጡንቻን ያቆማል። ኦካዳይክ አሲድ ከባድ ተቅማጥና ትውከት ያመጣል፤ በ1970ዎቹ ጃፓን ውስጥ ሙስልና ስካሎፕ በበሉ ሰዎች ላይ የታወቀ ነው። አዛስፓይራሲድ የተገኘው ከ1995 በኋላ ነው፤ ከአየርላንድ የተላከ ሙስል ኔዘርላንድ ውስጥ ሰው አሳምሞ፣ የታወቁት መርዞች ሁሉ ቢፈለጉ ምክንያቱ አልገኝ ብሎ።

ዶሞይክ አሲድ ግን ትንሽ ላቆይዎት የምፈልግበት ነው፤ የምርመራ ሥርዓት ለምን እንደሚያስፈልግ እሱን ያህል የሚያሳይ የለም። ጃፓን ውስጥ ይህ አሲድ ያለበት የባሕር ሣር እንደ እኛ ኮሶ ለሆድ ትል ማስወጫ ሲወሰድ ኖሯል፤ በመድኃኒትነት መጠኑ ማንንም ጎዳ አልተባለም። በ1987 መጨረሻ ካናዳ ውስጥ፣ ፕሪንስ ኤድዋርድ በተባለችው ደሴት የረባ ሙስል የበሉ ከ100 በላይ ሰዎች ታመሙ። መጀመሪያ ትውከትና ቁርጠት፣ ከዚያ ራስ ምታት፣ መዘባረቅ። 3 ሰዎች ሞቱ። ከተረፉት አንዳንዶቹ አዲስ ነገር መያዝ አቃታቸው፤ የድሮውን ያስታውሳሉ፣ የዛሬውን ግን አያስቀሩም። የዚያ ሙስል ነጋዴዎች አላጭበረበሩም፣ ምግቡም አልተበላሸም ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም በሙስል ውስጥ ፈልጎት የማያውቅ መርዝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዶሞይክ አሲድ በመደበኛ ምርመራ ውስጥ ገባ።

ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ አውጪ አካል በ2008 ባወጣው ደረጃ በ1 ኪሎ ግራም የሚበላ ሥጋ ውስጥ ከ0.8 ሚሊ ግራም በላይ ሳክሲቶክሲን፣ ከ20 ሚሊ ግራም በላይ ዶሞይክ አሲድ፣ ከ0.16 ሚሊ ግራም በላይ ኦካዳይክ አሲድ፣ እንዲሁም ከ0.16 ሚሊ ግራም በላይ አዛስፓይራሲድ ሊኖር አይገባም። አስመጪው ወረቀት ካመጣ የሚያመሳክሩት ከእነዚህ ቁጥሮች ጋር ነው። አንዳንድ ወረቀት በማይክሮግራም ስለሚጻፍ 0.8 ሚሊ ግራም ማለት 800 ማይክሮግራም መሆኑን ልብ ይበሉ።

ምርመራው የሚካሄደው ሙስሉ ከውሃ ሳይወጣ ነው። ለሁሉም የጥያቄዎ ክፍል መልሱ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ በዝርዝር ልግለጸው። ሙስል የሚያረቡ አገሮች የባሕር ዳርቻቸውን በክልል ከፍለው፣ በተለይ አልጌው በሚበዛበት ወቅት በየሳምንቱ፣ ከእያንዳንዱ ክልል ውሃና ሙስል ይወስዳሉ። ውሃው በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ መርዘኛው አልጌ ከበዛ ማስጠንቀቂያ ነው። ሙስሉ ላቦራቶሪ ይገባል። አውሮፓ በ2011 በስብ የሚሟሙትን መርዞች በአይጥ መፈተንን በኬሚካል መለኪያ መሣሪያ መተካት ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ የሚለካው እያንዳንዱ መርዝ በስሙ ነው። ከገደቡ ካለፈ ክልሉ ይዘጋል፤ ማንም አያመርትም። ዳግም የሚከፈተውም ቢያንስ በ48 ሰዓት ልዩነት የተወሰዱ ሁለት ተከታታይ ናሙናዎች ከገደቡ በታች ሲሆኑ ነው። ሙስል ንጹሕ ውሃ ካገኘ በሳምንታት ውስጥ መርዙን ያስወጣል፤ አንዳንድ የክላም ዘር ግን ሳክሲቶክሲንን እስከ ሁለት ዓመት ይዞ ይቆያል። ስለዚህ «አልጌው ካለፈ ቆይቷል» የሚል ነጋዴ የሚያወራው ስለ የትኛው ዛጎል እንደሆነ መጠየቅ አለበት።

ይህን ሁሉ ባሕር ዳር ላይ ሆነው በአንድ ካርቶን ላይ ሊደግሙት አይችሉም። አንዱን ሙስል ቀምሰው፣ ወይም ለድመት ሰጥተው ደህና ነው ማለትም አይሆንም፤ ከአንድ ገመድ የተለቀሙ ሙስሎች እንኳ የያዙት መጠን ይለያያል። እጅዎ ላይ ያለው ወረቀቱ ብቻ ነው፤ በወረቀቱ ላይ ግን መደራደር የለብዎትም። የላኪው አገር የምግብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የሰጠው የጤና ምስክር ወረቀት፣ የዛጎሉ ዓይነት፣ የተመረተበት የባሕር ክልል፣ የተመረተበት ቀን፣ የማቀነባበሪያው የፈቃድ ቁጥርና የምድብ ቁጥር ያስፈልግዎታል። የምድብ ቁጥሩ ካርቶኑ ላይ ከታተመው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ የሌላ ጭነት ወረቀት ኮፒ ተደርጎ የሚመጣበት ጊዜ አለና ይህን በዓይንዎ ያረጋግጡ። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሰጠው የማስገቢያ ፈቃድም ይጠየቅ። ካርቶን ተከፍቶ በፌስታል ተከፋፍሎ የመጣ ሙስል፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ፣ ይመልሱት። አውሮፓ ውስጥ በሕይወት ያለ ዛጎል የገዛ ነጋዴ መለያውን 60 ቀን፣ አሜሪካ ውስጥ 90 ቀን እንዲያስቀምጥ ይገደዳል። እናንተም የካርቶኑን መለያ ቀዳችሁ በፋይል አስቀምጡ፤ እንግዳ ቢታመም ከየትኛው ባሕር እንደመጣ በሰዓታት ውስጥ ማወቅ የሚቻለው በዚያ ነው።

ስለ ሽሪምፕ ደግሞ አልጠየቁም እንጂ ምናሌዎ ላይ መኖሩ አይቀርም። ሽሪምፕ ውሃ እያጣራ አይመገብም፤ የጭራው ሥጋ ከሙስል ጋር በአንድ ዓይን አይታይም። ስካሎፕም ነጩ ጡንቻ ብቻ ተለይቶ የመጣ ከሆነ አደጋው በጣም ያንሳል፤ መርዙ በብዛት የሚቀመጠው የምግብ መፍጫው እጢ ላይ ነው።

ሠራተኞችዎ ሁሉ ሊያውቁት የሚገባ ምልክት አለ። አንድ ሰው ዛጎል ለበስ በልቶ ከደቂቃዎች እስከ ጥቂት ሰዓት ባለው ጊዜ ከንፈሩንና ምላሱን ወረረኝ፣ ደነዘዘኝ፣ ጣቶቼን ነዘረኝ ካለ አለርጂ ነው ብላችሁ አትጠብቁ። ለሳክሲቶክሲን ማርከሻ የለውም፤ ሰውን የሚያድነው ትንፋሹን ደግፎ ማቆየት ነው። መተንፈሻ መሣሪያ ወዳለበት፣ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል፣ ወዲያው ይወሰድ፤ የተረፈው ምግብና የካርቶኑ መለያም አብሮ ይሂድ።

አሁን ወደ ጣና እንመለስ። የጥያቄዎ ሁለተኛ ክፍል ከመጀመሪያው ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ሙስል የሚበላው ጥቂት እንግዳ ነው፣ ቀረሶ ግን ከተማው ሁሉ ይበላል።

በጨው አልባ ውሃም መርዝ የሚሠሩ ተሕዋስያን አሉ፤ ሳያኖባክቴሪያ ይባላሉ። ሳክሲቶክሲን ራሱ የባሕር ብቻ አይደለም፦ በ1991 አውስትራሊያ ውስጥ ዳርሊንግ በተባለው ወንዝ ላይ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ አረንጓዴ ሽፋን ተዘርግቶ ከብት ሲገድል፣ ውስጡ የተገኘው ይኸው መርዝ ነው። የጣና ዋናው ስጋት ግን ማይክሮሲስቲስ የተባለው ሳያኖባክቴሪያ የሚሠራው ማይክሮሲስቲን የሚባል መርዝ ነው። ይህ መርዝ ጉበትን ይመታል። የሚያግደው ኢንዛይም በባሕሩ ኦካዳይክ አሲድ የሚታገደው ያው ኢንዛይም በመሆኑ ሁለቱን በአንድ ዓይነት የላቦራቶሪ ዘዴ መፈለግ ይቻላል። በ2010 የወጣ የካሊፎርኒያ ጥናት ከሐይቅ በጅረት ወደ ባሕር የወረደ ማይክሮሲስቲን ዛጎል ለበሶች ውስጥ ተጠራቅሞ ኦተር የሚባሉትን የባሕር እንስሳት በጉበት ሕመም እንደ ገደለ አሳይቷል። በ1996 ደግሞ ብራዚል ውስጥ ካሩዋሩ በተባለች ከተማ፣ በዚሁ መርዝ የተበከለ ውሃ ለኩላሊት እጥበት ውሎ ከ50 በላይ ሕሙማን ሞተዋል።

ማይክሮሲስቲስ ጣና ውስጥ አለ፤ በባሕር ዳር በኩል ባለው የሐይቁ ክፍል መርዝ የሚሠሩ ዝርያዎቹ ተገኝተዋል። እርስዎ ያስተዋሉት ወቅትም ልክ ነው፦ ክረምቱ ወጥቶ፣ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ያመጡት አፈርና ማዳበሪያ ሐይቁ ውስጥ ገብቶ፣ ፀሐይ ስትወጣ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ይበዛል። ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ ከ14 ሜትር አያልፍም፤ ነፋስ ይንጠዋል፣ አረንጓዴውንም ገፍቶ ወደ ዳር ያጠራቅመዋል። ዳር ላይ ደግሞ ልጆች ይዋኛሉ፣ ከብት ይጠጣል፣ ዓሣ ይታጠባል።

ዓሣውስ? ቀረሶ አልጌ የሚበላ ዓሣ ነው፤ ሆዱ ውስጥ ያለው አሲድ ጠንካራ በመሆኑ ሌሎች ዓሦች የማይፈጩትን ሳያኖባክቴሪያ ሳይቀር ይፈጫል። ስለዚህ መርዙ ወደ ውስጡ ይገባል። ነገር ግን የሚቀመጠው በእኩል አይደለም፤ አንጀትና ጉበት ላይ ይበዛል፣ የምንበላው ሥጋ ላይ ብዙውን ጊዜ እጅግ ያንሳል። አምባዛና ነጭ ዓሣ ዋና ምግባቸው አልጌ ስላልሆነ በቀጥታ የሚያገኙት ይቀንሳል።

በቁጥር እንየው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በየቀኑ ቢወስደው የማይጎዳው ብሎ ያስቀመጠው መጠን በእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 0.04 ማይክሮግራም ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን 2.4 ማይክሮግራም ማለት ነው። 200 ግራም ፊሌቶ ከበላ፣ ሥጋው በኪሎ ከ12 ማይክሮግራም በላይ መያዝ የለበትም። 15 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን 100 ግራም ቢበላ ግን ገደቡ በኪሎ 6 ይሆናል። ያው ዓሣ ለአባትየው ደህና ሆኖ ለልጁ ላይሆን ይችላል። ይህ የየቀን ስሌት ስለሆነ አንድ ቀን ማለፉ ሰውን አይጥልም፤ በዐቢይ ጾም በየቀኑ ዓሣ ለሚበላ ቤተሰብና ከአሳ አጥማጅ ቤት ለሚያድግ ልጅ ግን በቀጥታ የሚመለከት ነው።

ስለዚህ ወጥ ቤትዎ ውስጥ የሚወስነው የዓሣው ሆድ ዕቃ የሚወጣበት መንገድ ነው። ቀረሶ ሲከፈት ቢላው ከሥር ወደ ጉሮሮ ላይ ላዩን ይሂድ፤ ጠልቆ ከገባ አንጀቱን ይቀድደዋል። አንጀቱ ቀጭንና በጣም ረጅም፣ የተጠቀለለ ነው፤ በአረንጓዴው ወቅት ሲቀደድ የሚፈሰው ጥቁር አረንጓዴ ፈሳሽ መርዝ የበዛበት ክፍል ነው። ጉበቱና ሐሞቱ አብረው ይውጡ፣ ለዱለትም ለሾርባም አይዋሉ። ጭንቅላቱን ለሾርባ የምትጠቀሙ ከሆነ ስንጥቡ ይውጣ። የሆድ ዕቃው ለድመትም ለውሻም አይሰጥ። ሥጋው ከሆድ ዕቃው በተለየ ጣውላ ላይ፣ በታጠበ ቢላ ይሠራ፣ በቧንቧ ውሃ ይታጠብ። ዳር ላይ በዚያው አረንጓዴ ውሃ ታጥቦ የመጣ ፊሌቶ በዚያ ወቅት አይቀበሉ፤ ለአቅራቢዎ ሙሉውን እንዲያመጣ ይንገሩት። ሙሉ ዓሣ ከነሆድ ዕቃው ፍሪዘር አይግባ፤ ሲቀልጥ የአንጀቱ ፈሳሽ ሥጋውን ያርሰዋል። ለመጠጥና ለማብሰያ የሐይቁን ውሃ ማፍላትም እንዲሁ አይጠቅምም፤ ማፍላት የአልጌውን ሴል ያፈነዳና በውስጡ የያዘውን መርዝ ውሃው ውስጥ ይለቀዋል።

እነዚህ ጥንቃቄዎች አንድን ወጥ ቤት ይረዳሉ፤ የሐይቁን ዳር ሰው ግን አይሸፍኑም። እምቦጭ በ2011 ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ሕዝቡ በእጁ እየነቀለ፣ ማሽን እየመጣ ስንታገለው ኖረናል፤ ለማይታየው ግን ሙስል አምራቾቹ ለባሕራቸው ያደረጉትን ያህል አላደረግንም። ሁለቱም የሚፋፉት በአንድ ነገር ነው፦ ከማሳ በሚታጠብ ማዳበሪያና ከከተማ በሚወርድ ፍሳሽ። ዩኔስኮ በ2015 ጣናን በባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት መዝግቦታል፤ ዓሣ ገዢው በየሳምንቱ የሚያየው የመርዝ ምርመራ ውጤት ግን የለውም። ለመጀመር የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ አይደለም። የባሕር ዳር ዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከልና ዩኒቨርሲቲው እዚሁ ከተማ ውስጥ ናቸው። ከባሕር ዳር ዳርቻ፣ ከጉማራና ከግልገል ዓባይ መግቢያ፣ ከጎርጎራ በኩልም ውሃ ተቀድቶ በማይክሮስኮፕ ቢቆጠር፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ማይክሮሲስቲኑ በቀላል መመርመሪያ ኪት ቢለካ፤ ጥቅምትና ኅዳር ላይ በየሳምንቱ፣ በሌላው ጊዜ በየ15 ቀኑ ቢደረግ፤ ከቀረሶ ሥጋና ጉበት ለየብቻ ናሙና ቢወሰድ፤ ውጤቱም ለዓሣ አጥማጆች ማኅበራት፣ ለሆቴሎችና ለቀበሌዎች በዚያው ሳምንት ቢደርስ፣ ዳርቻው አረንጓዴ በሆነበት ሰሞን ጀልባው ወዴት ሄዶ መረብ እንደሚጥል ማወቅ ይቻላል። ዓሣ አጥማጁም ገበያው በወሬ ከሚዘጋበት ይህ ይሻለዋል። የሐይቁ ዳር ሆቴሎች ተሰብስባችሁ ይህን በደብዳቤ ብትጠይቁ የአንድ ባለሙያ ድምፅ ከሚሰማው በላይ ትሰማላችሁ፤ ናሙና አወሳሰዱን በተመለከተ እኔም አብሬ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ።

ለሙስሉ ካርቶን የሚጠየቁት ወረቀቶች እስኪሟሉ ምናሌው ላይ አያውጡት። እንግዳዎ ተመልሰው ከመጡም የምድብ ቁጥሩንና የተመረተበትን ባሕር ያሳዩዋቸው።